«ሐኪም» የሚለው ስም፤ ትውልዱና አደራው
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በጤና ሙያ የተሰማራ ሰው በሥራ ቀኑ ከሁሉ አብልጦ የሚሰማው ቃል ቢኖር «ሐኪም» የሚለው ነው። በሽተኛው «ሐኪሙ ገብቷል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አስታማሚው «ሐኪም ያውቃል» ብሎ ይጽናናል። ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ከሩቅ ለመጣው ገበሬም በበሩ ላይ የተጻፈው ጤና ጣቢያም ይሁን ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል፣ የደረሰበት ስፍራ «ሐኪም ቤት» ነው። ቃሉ ከሕዝቡ አንደበት ጋር እንዲህ የተዋሐደ በመሆኑ እንግዳ ሆኖ የገባ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ስለሆነም የዚህ ንግግር ጥያቄ ሁለት ነው፤ ስሙ ከየት መጣ? ስሙን የተቀበለስ ሰው ከስሙ ጋር ምን አደራ ተቀበለ? በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ የተሠራው ሐ፣ ከ እና መ ከተባሉት ሦስት ፊደላት ነው። በጥንታውያን የባቢሎንና የአሦር ሰዎች ቋንቋ በአካድኛ «ኀካሙ» ማለት መረዳት፣ ማስተዋል ማለት ነበር። በዕብራይስጥ «ሐኻም» ጠቢብ፣ «ሖኽማ» ጥበብ ይባላል፤ በአራማይክም ቃሉ ከዚሁ ትርጉም አይርቅም። እንግዲህ የሥሩ የመጀመሪያ ትርጉም ማወቅና ማስተዋል እንጂ በሽታና መድኃኒት አልነበረም።

ይሁንና ጥበብና ፈውስ ከጥንት ጀምሮ ጎረቤታሞች ነበሩ። በሁለተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገደማ በተጠናቀረው ሚሽና በተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ አዋላጅ ሴት «ሐኻማ»፣ ማለት «ጥበበኛዪቱ»፣ ተብላ ተጠርታለች። ፈረንሳውያንም ከዕብራይስጡ ሳይወስዱ አዋላጅን «ጥበበኛ ሴት» በሚል ትርጉም እስከ ዛሬ ይጠሯታል። በግብፅም በመሐመድ ዓሊ ዘመን በ1832 ዓ.ም. አዋላጆችን ለማሠልጠን የተከፈተው ትምህርት ቤት ያወጣቸው ሴቶች «ሐኪማ» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። በሦስት ልዩ ልዩ አገሮች በሦስት ልዩ ልዩ ዘመናት ሕዝብ በመውለጃዋ ሰዓት ከእናት አጠገብ የምትቆመውን ሴት ከጥበብ ጋር ማያያዙ በከንቱ አይደለም። በዚያ ሰዓት የሚፈለገው የእጅ ሥራ ብቻ ሳይሆን መቼ እጅን መዘርጋት፣ መቼም እጅን መሰብሰብ እንደሚገባ ማወቅ ነውና።

ሥሩ በሰፊው የበለጸገው በዐረብኛ ነው። ዐረብኛ የአናባቢን ርዝመትና እጥረት ስለሚለይ ከአንድ ሥር ሁለት ተቀራራቢ ስሞች ወጥተዋል። የመጀመሪያው አናባቢ ረዝሞ የኋለኛው ሲያጥር፣ በፊደል ቢጻፍ «ሓክም» የሚሆነው፣ ገዥ ወይም ዳኛ ማለት ነው። የመጀመሪያው አጥሮ የኋለኛው ሲረዝም ግን «ሐኪም» ይሆናል፤ ትርጉሙም ጠቢብ ነው። «ሑክም» ፍርድ፣ «ሑኩማ» መንግሥት፣ «ሒክማ» ጥበብ፣ «ሐከም» ሽማግሌ ዳኛ ናቸው፤ በዛሬው የኳስ ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋውም ዳኛ በዐረብኛ ይኸው «ሐከም» ነው። ከ996 እስከ 1021 ዓ.ም. ግብፅን የገዛው የፋጢማውያን ኸሊፋ አል‑ሓክም ስሙ ከገዥነት የመጣ ሲሆን፣ በ1005 ዓ.ም. በካይሮ ያቋቋመው የዕውቀት ቤት ደግሞ «የጥበብ ቤት» በሚል ስምም ይታወቅ ነበር። ገዥውና ጥበቡ በአንድ ከተማ ከአንድ ሥር ስም ወጣላቸው።

ገዥንና ጠቢብን በአንድ ሥር ያገናኘው ምንድር ነው? በ1004 ዓ.ም. ገደማ ያረፈው የቋንቋ ሊቅ ኢብን ፋሪስ መልሱን ከፈረስ ዕቃ ላይ ያመጣዋል። በዐረብኛ «ሐከማ» ማለት በፈረሱ አገጭ ዘንድ ሆኖ እንዳይፈረጥጥ የሚገታው የልጓም ክፍል ነው። ሊቁ እንደሚለው የሥሩ መሠረታዊ አሳብ መግታት፣ መከልከል ነው፤ ዳኛ ግፈኛን ከግፉ ይገታል፣ ጥበብም ሰውን ከስንፍና ትከለክላለች። በዚህ አተረጓጐም ጠቢብ የሚባለው ብዙ የሚያውቅ ሁሉ አይደለም፤ ዕውቀቱን፣ ምላሱንና እጁን በልጓም የያዘ ነው። ይህ ፍቺ ንግግሩ ከሚደመደምበት ነገር ጋር የሚገናኝ ስለሆነ በልብ ሊያዝ ይገባዋል።

ጠቢብ የነበረው ስም ወደ በሽተኛ አልጋ የደረሰበት መንገድ በግሪክ በኩል ያልፋል። ጋሌን የተባለው የ2ኛው መቶ ዓመት የግሪክ ሐኪም፣ ፍጹም ሐኪም ፈላስፋም መሆን እንዳለበት የሚያስረዳ አጭር ድርሰት ጽፎ ነበር። በ873 ዓ.ም. በባግዳድ ያረፈው ክርስቲያኑ ተርጓሚ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ ይህንንና ሌሎችንም ብዙ የጋሌን ድርሰቶች ወደ ሱርስትና ወደ ዐረብኛ መለሰ። ከዚያ በኋላ በእስላም አገሮች የተነሡት ታላላቅ ሐኪሞች፣ እንደ አል‑ራዚና እንደ ኢብን ሲና ያሉት፣ በአንድ እጃቸው የሕክምናን፣ በሌላው እጃቸው የፍልስፍናን መጽሐፍ የያዙ ነበሩ። ለሙያው የተለየው የዐረብኛ ስም «ጠቢብ» ሆኖ ሳለ፣ ፈላስፋ ለሆነው ሐኪም «ሐኪም» የሚለው የክብር ስም እየተጨመረ ሄደ። በ1248 ዓ.ም. ያረፈው አል‑ቂፍጢ ከ400 በላይ የሆኑ የፈላስፎች፣ የከዋክብት ተመራማሪዎችና የሐኪሞች ታሪክ የሚገኝበት መጽሐፉ «የጠቢባን ታሪክ» በሚል ስም ሲታወቅ፣ በዚያ ርእስ የገባው ቃል «ሑከማ» ነው፤ የ«ሐኪም» ብዙ ቁጥር መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ፈላስፋውና በሽተኛን የሚመረምረው ሰው በአንድ መዝገብ ይጻፉ ነበር።

የትርጉሙን ጉዞ ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው የሉቅማን ታሪክ ነው። ሉቅማን በቁርኣን 31ኛው ምዕራፍ በስሙ የተጠራለት፣ ልጁን በምክር ያነጸ ጠቢብ ሰው ነው። ብዙ የእስላም ሊቃውንት ትውልዱ ሐበሻ የነበረ ባሪያ እንደሆነ ይተርካሉ፤ ቅጽል ስሙም «አል‑ሐኪም»፣ ጠቢቡ፣ ነው። ይህ ሰው በቱርኮች አፈ ታሪክ «ሎቅማን ሄኪም» ሲባል ጠቢብነቱ ሐኪምነት ሆነ፤ ዕፅዋት ሁሉ ያነጋግሩታል፣ የሞትን እንኳ መድኃኒት ያገኛል፣ ያገኘውንም መልሶ ያጣል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የስሙ ትርጉም ነው፤ ሕዝቡም ለአዲሱ ትርጉም የሚስማማ አዲስ ታሪክ አወጣለት።

ከዐረብኛ የወጣው ስም በየደረሰበት አገር ከሁለቱ መልኮቹ አንዱን ወይም ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል። ቱርኮች የሚያክመውን «ሄኪም»፣ የሚፈርደውን «ሓኪም» ይላሉ። በኦቶማን ቤተ መንግሥት የሐኪሞቹ አለቃ «ሄኪምባሺ» ሲባል፣ የአይሁድ ማኅበረሰብ የሃይማኖት አለቃ ደግሞ ከዕብራይስጡ በተወሰደው ቃል «ሃሃምባሺ» ይባል ነበር፤ ሁለት ሹማምንት፣ አንድ ሥር። በሕንድ አገር በግሪክ ስም «ዩናኒ» ተብሎ የሚጠራውን ነባር ሕክምና የሚሠራው ሰው «ሐኪም» ነው፤ ከ1868 እስከ 1927 ዓ.ም. የኖረው የዴልሂው ሐኪም አጅመል ኻን በዚህ ስም የታወቀ ነው። በዚያው አገር «ግማሽ ሐኪም ለነፍስ አደጋ ነው» የሚል ምሳሌ ይነገራል። በስዋሂሊ ግን «ሄኪማ» ጥበብ፣ «ሐኪሙ» ዳኛ ነው፤ በዳሬሰላም ታምሞ «ሐኪሙ ወዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ ወደ ፍርድ ቤት ይመራል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ አንድ የሚያስደንቅ ልውውጥ ይገኛል። ከላይ እንደተባለው በዐረብኛ የሚያክመው ሰው «ጠቢብ» ነው። በግዕዝና በአማርኛ ግን «ጠቢብ» አስተዋይ፣ ባለ ጥበብ ማለት ነው፤ ጠቢቡ ሰሎሞን ሲባል መድኃኒት ቀማሚ መሆኑን የሚያስብ የለም። በአንጻሩ በዐረብኛ አስተዋይ ማለት የነበረው «ሐኪም» በአማርኛ የሚያክም ሰው ሆነ። ሁለት እኅትማማች ቋንቋዎች ሁለት ስሞችን ይዘው አንዱ የሌላውን ትርጉም ለበሰ። የ«ጠቢብ» ዕድል ግን ለማንም ባለሙያ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ከዚሁ ሥር የወጣው «ጠይብ» የሚለው ስም ብረት ለሚቀጠቅጠውና ሸክላ ለሚሠራው እጀ ብልህ ተሰጥቶ ሳለ፣ ከጊዜ በኋላ መናቂያና መፈሪያ ስም ሆነ፤ ማረሻውን የሠራለትን ሰው ገበሬው «ቡዳ ነው» ብሎ ሸሸው። በአንድ በኩል የሸማ ጥለት «ጥበብ» ተብሎ ሲከበር፣ በሌላ በኩል የጥበበኛው ስም ስድብ ሆነ። እንግዲህ የክብር ስም ለዘለዓለም የተሰጠ ርስት አይደለም።

«ሐኪም» ከመምጣቱ በፊት አገሪቱ ፈዋሽ አጥታ፣ ፈዋሹም ስም አጥቶ አልኖረም። በግዕዝ የሕክምና ባለሙያ «ዐቃቤ ሥራይ» ይባላል። ዛሬ «ዐቃቤ ሕግ» የሕግ ጠባቂ እንደሆነ ሁሉ፣ ዐቃቤ ሥራይም የመድኃኒት ጠባቂ መሆኑ ነው። «ሥራይ» ግን ሁለት ገጽ ያለው ቃል ነው፤ በአንድ ወገን መድኃኒት፣ በሌላው ወገን አስማት ነው፤ የኃጢአት ይቅርታ የሆነው «ሥርየት» የዚሁ ዘመድ ሲሆን፣ አስማተኛው «መሠርይ»ም የዚሁ ነው። «መድኃኒት» ደግሞ ድኅነት ከሚለው ወጥቶ ነፍስንም ሥጋንም ያድናል፤ ነገር ግን «መድኃኒት አጠጡት» ሲባል መርዝ ሊሆን ይችላል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ወንጌላዊው ሉቃስ የተጠራው «ባለ መድኃኒት» ተብሎ ነው። በየገጠሩ «መድኃኒት ዐዋቂ» የሚባል አለ፤ «ዐዋቂ» ብቻውን ሲነገር ግን ወደ ጠንቋዩ ያዘነብላል። ስብራት የሚጠግነው «ወጌሻ» ነው፤ ለዚህ ቃል በድምፅ የሚቀርበው የኦሮምኛው «ኦጌሳ» ባለ ጥበብ፣ ባለ ሙያ ማለት ሲሆን፣ ዛሬም በዚያ ቋንቋ የጤና ባለሙያ «ኦጌሳ ፈያ» ይባላል።

«ሐኪም» የሚለው ስም በዚህ ሁሉ መካከል ሲገባ የመጣው ከዐረብኛ ተናጋሪዎች ጋር በነበረው ንግድና ጉርብትና ነው። የመንገዱን መልክ ለመገመት አንድ ታሪክ ይበቃል። ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ሐኪም በፈለጉ ጊዜ መልእክተኛቸው ሐጂ ዓሊ የሄደው ወደ ካይሮ ነበር፤ ከዚያም ፈረንሳዊው ሻርል ፖንሴ በ1698 ዓ.ም. ተነሥቶ በሱዳን በኩል በ1699 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። በዚህ ዓይነት መንገድ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ቃላትም ይጓዛሉ።

አማርኛ ቃሉን ተቀብሎ በእንግድነት አላስቀመጠውም፤ እንደ ገዛ ልጁ አራባው። ከስሙ ግስ አወጣለት፤ አከመ፣ ታከመ፣ አሳከመ፣ ሕክምና፣ ታካሚ ሁሉ ተወለዱ። በዐረብኛ ሥሩ ግስ ሲሆን ፈረደ፣ ገዛ ማለት ነው፤ «ተሓከመ» ቢሉ ሁለት ሰዎች ተካሰው ዳኛ ፊት ቀረቡ ማለት ነው። በአማርኛ የ«ታከመ» ሰው ግን ከማንም አልተካሰሰም፤ ቁስሉ ታጠበለት፣ ሕመሙ ተጠየቀለት እንጂ። እንግዲህ ቃሉ ከውጭ ይምጣ እንጂ ማከም የሚለው ግስ የአማርኛ የራሱ ሥራ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ ሌላ ስም መጣ፤ «ዶክተር»። ይህ ስም በላቲን ማስተማር ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን መምህር ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሰጡት ማዕርግ በመሆኑ ዛሬም ለታሪክና ለምጣኔ ሀብት ምሁራን ጭምር ይሰጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፤ «ዶክተር» የሚለውን ስም የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ «ሐኪም» የሚለውን የሚሰጠው በሽተኛው ነው። ስለዚህም ሕዝቡ ዶክተሩን፣ ጤና መኰንኑን፣ ነርሱንና የቀድሞውን ድሬሰር ሁሉ ሐኪም ብሎ ጠርቷል። በዚህ ቅር የሚሰኙ ባለሙያዎች ቢኖሩ አያስደንቅም፤ የሥራ ፈቃድ ልዩነት ለበሽተኛው ደኅንነት ሲባል የተደነገገ ነውና ሊደባለቅ አይገባም። ነገር ግን ሕዝቡ የማዕርግ ሥርዓት አላፈረሰም፤ በጨነቀው ሰዓት ያገኘውን አስተዋይ ሰው በሚያውቀው ስም ጠራ እንጂ። ስሙን የሰማ ሁሉ ግን የሕንዶቹን ምሳሌ ማስታወስ ግዴታው ነው። የችሎታውን ወሰን የማያውቅ ግማሽ ሐኪም ይሆናል፤ ወሰኑን ዐውቆ ወደ ሚበልጠው የሚልክ ግን፣ ማዕርጉ ምንም ይሁን ምን፣ የቃሉን ትርጉም ፈጽሟል።

የስሙን ሁለት መልኮች በአንድ ሕይወት ያዋሐደ ሰው በኢትዮጵያ ታሪክ ይገኛል። ወርቅነህ እሸቴ በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነቱ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስዶ፣ ቻርለስ ማርቲን ተብሎ አድጎ፣ በላሆር ሕክምና ተማረ። በበርማ ካገለገለ በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ሲመለስ ሕዝቡ «ሐኪም ወርቅነህ» አለው። በኋላ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኀላፊ፣ የጨርጨር ገዥ፣ በፋሽስት ወረራም ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኖ አገልግሏል፤ ያረፈውም በ1952 ዓ.ም. ነው። «አዛዥ» የሚል ማዕርግ ቢያገኝም፣ ግዛትም ቢያስተዳድር፣ በሕዝቡ አንደበት ጸንቶ የቀረው የመጀመሪያው ስም ነው። «ሓክም» የሆነው ሰው እስከ መጨረሻ «ሐኪም» ተባለ።

ይህ የሩቅ ታሪክ በዛሬው የምርመራ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል? አማርኛ ራሱ መልሱን ይጠቁማል። ሐኪም መድኃኒት «ያዝዛል»፤ ወረቀቱ «ማዘዣ» ይባላል። በሽተኛው «ይመረመራል»፤ በፖሊስ ጣቢያ ያለው ተጠርጣሪም እንዲሁ ይመረመራል። ዐረብኛው በአናባቢ ርዝመት የለያቸውን ገዥንና ጠቢብን አማርኛ በግሱ እንደገና አቀራርቧቸዋል። አደጋውም በዚህ ላይ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰው ራሱን እንደ አዛዥ የቈጠረ እንደሆነ፣ በሽተኛው እንደ ተከሳሽ ይሆናል፤ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፣ የፈራውን ይሸሽጋል፣ ወደ ባህል መድኃኒት መሄዱን ይክዳል፣ የታዘዘለትን መድኃኒት አጋምሶ መተዉን አይናገርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌ በሽተኛውን የሚወቅስ ይመስላል፤ ነገር ግን እንዲደብቅ ያደረገው ማን እንደሆነ መጠየቅም ይገባል።

ሁለተኛው አደጋ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ሐኪሙ ለበሽተኛው ፈቃድ ታዛዥ የሚሆንበት ነው። ብዙ ታካሚ መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። የዚህ ቃል ትውልድ ደግሞ እጅግ የሚገርም ነው። በግዕዝ «ረፍአ» ሰፋ፣ ጠገነ ማለት ሲሆን «መርፌ» የወጣው ከዚያ ነው። በዕብራይስጥ ይኸው ሥር ፈወሰ ማለት ሆኖ ሐኪም «ሮፌ» ይባላል፤ ሩፋኤል የሚለው የመልአክ ስምም የፈውስ ስም ነው። እንግዲህ በሽተኛው መርፌን ከፈውስ ጋር ቢያስተባብር ቋንቋው ራሱ ያግዘዋል። ሐኪሙ ግን ጉንፋን በቫይረስ እንደሚመጣ፣ የባክቴሪያ መድኃኒት በቫይረስ ላይ እንደማይሠራ፣ ያለ ቦታው የተሰጠ መድኃኒትም ተሕዋስያኑን እያላመደ ነገ የሚያስፈልገውን ሌላ በሽተኛ ያለ ጋሻ እንደሚያስቀር ያውቃል። ተሰልፎ የቆመውን ሕዝብ እያየ፣ መርፌ ወግቶ መሸኘት በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ሲሆን፣ መርፌ የማያስፈልግበትን ምክንያት ማስረዳት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ሩብ ሰዓት የኢብን ፋሪስ ልጓም ይታወሳል። እጅን መግታት ስንፍና ሳይሆን ሙያ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ከአካድ እስከ ስዋሂሊ የተጓዘው ቃል በየአገሩ ሌላ ልብስ ለብሷል፤ በአንዱ ዳኛ፣ በአንዱ አዋላጅ፣ በአንዱ የሃይማኖት አለቃ ሆኗል። አማርኛ ከእነዚህ ሁሉ መርጦ በበሽተኛው ራስጌ አቆመው። ስሙን የሰጠው ሕዝብ ሥርወ ቃሉን አያውቅም፤ የሚፈልገውን ግን ያውቃል፤ ይኸውም የሚያዳምጠው፣ የሚያስተውልለት፣ ማድረግ የሚገባውን የሚያደርግለት፣ የማይገባውን የሚተውለት ሰው ነው። የማኅበሩ አባል በነገው ጠዋት በሥራ ቦታው ደርሶ ከሰልፉ መካከል «ሐኪም!» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ የተጠራው በዚህ ሁሉ ትርጉም መሆኑን ቢያስብ ንግግሩ ፍሬ አፍርቷል።